አበባው እንዳይጠወልግ

በሰፈሩ «ክብሪት» ነው የሚሏት። ስሙ የወጣላት በምትሠራበት መስታወት ቤት ነው። አንድ ደንበኛ የመስኮቱን ልክ ራሱ አሳስቶ አምጥቶ ጥፋቱን በእሷ ሊያላክክ ሲሞክር፣ የቆረጠችለትን መስታወት እፊቱ አንስታ ወለሉ ላይ ከሰከሰችው። አለቃዋ አላባረራትም። እንደ እሷ ቀጥ አድርጎ የሚቆርጥ ሰው ስላልነበረው «ይቺ ክብሪት ናት፣ ራቅ ብላችሁ አናግሯት» ብሎ በሳቅ አለፈው። ስሙ ተጣብቆባት ቀረ፤ እሷም አልጠላችውም።

ያን ቀን መብራት ጠፍቶ የመስታወቱን ጠርዝ የሚያለሰልሰው ማሽን ስለቆመ ከምሳ በኋላ ሥራ አልነበረም። ወደ ቤት በጊዜ ተመለሰች። በሩን ስትከፍት መጀመሪያ የሰማችው ከመታጠቢያ ቤቱ የሚመጣውን የእናቷን ሳል ነው። ሳል፣ ከዚያ ማስመለስ፣ ከዚያ ደግሞ ሳል። ቀጥላ ያየችው ወንድሟን ነው። ሶፋው ላይ ተጋድሞ፣ ሄድፎኑን ካንድ ጆሮው ላይ ገለጥ አድርጎ፣ የእናቱን ስልክ በአውራ ጣቱ ይነካካል።

ከጀርባው ቆማ አየችው። «ዛሬ ሳል ነበረዎት?» ይላል ስልኩ። የለም። «የትንፋሽ ማጠር?» የለም። «ማስመለስ?» የለም። ጥያቄውን አያነበውም፤ ጣቱ መንገዱን ለምዶታል። የመጨረሻዋን «የለም» ሲነካ ስልኩ ላይ አንዲት ቢጫ አበባ ፈካች፤ ከሥሯም «ጎበዝ! ዛሬም አንደኛ ነዎት!» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«የእማዬን ሪፖርት እየሞላሁላት» አለ ቀና ሳይል።

«እማዬ እዚያ አንጀቷ እስኪወጣ እያስመለሰች አይደለም እንዴ! የለም ትላለህ?»

«ኧረ ትንሽ ነው። ሁሌም እንደዚያ ናት።»

ሁሌም! ቁጣዋ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ ነደደ። ስልኩን ከእጁ መንጭቃ ወሰደችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናትየው ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ከዓመታት በፊት ጡቷ ላይ የተገኘው ካንሰር በቀዶ ሕክምና ወጥቶላት፣ ተገላገልን ሲባል ጉበቷ ላይ ብቅ አለ። የተለመዱት መድኃኒቶች አንድ በአንድ እምቢ አሏት። በመጨረሻ ከተማው ዳር ያለው የካንሰር ምርምር ማዕከል አዲስ ክኒን በሚሞከርበት ጥናት ውስጥ አስገባት። የጥናቱ አካሄድ ቀላል ነው፤ በትንሽ መጠን ይጀመራል፣ በሽተኛዋ ከቻለችው ይጨመራል። መቻል አለመቻሏ የሚታወቀው ግማሹ በደም ምርመራ፣ ግማሹ ደግሞ እሷ ራሷ በየቀኑ በምትሰጠው ቃል ነው። ቃሏን የምትሰጠው በስልክ አፕ ነበር።

ያለፈው ሕክምና የጣቶቿን ጫፍ አደንዝዞታል። የስልኩን መስታወት ብትነካው አይሰማትም፣ ስልኩም አይታዘዛትም። ስለዚህ ሥራው ለልጇ ተሰጠ። ይህን ያዘዘችው ክብሪት ራሷ ነበረች። «አንተ መቼም ከስልክ አትለይ፤ አንድ ቀን እንኳ ጣትህ ለሰው ትጥቀም» ብላው ነበር። ወደ ማዕከሉም የሚያመላልሳት እሱ ነው፤ ሥራ የሌለው እሱ ብቻ ነውና።

እሱን «ጄኔራሉ» ይሉታል። ስክሪን ላይ ጦር ስለሚያዝ ነው፤ አልጋው ላይ ሆኖ ምሽግ ይሰብራል፣ ከተማ ይይዛል፣ የማያውቃቸውን ሰዎች «ወደ ግራ! ወደ ግራ!» እያለ ይጮህባቸዋል። በአንድ የመድኃኒት መጋዘን ጥሩ ሥራ ነበረው። ውድድር ሲሆን እየቀረ፣ ውድድር ሳይሆን ደግሞ ልምምድ ነው እያለ እየቀረ፣ አሰናበቱት። ቤት ውስጥ ማንም ሱስ ነው ብሎ አልጠራውም። አፉ አይሸትም፣ አይንገዳገድም፣ የቤት ዕቃ አውጥቶ አይሸጥም። ቤት ነው ያለው። እናትየው ይህን እንደ መልካም ነገር ትቆጥረው ነበር፦ «ቢያንስ የት እንዳለ አውቃለሁ»። የት እንዳለ ግን አታውቅም ነበር። ማንም አያውቅም።

ክብሪት በመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆመች። እናቷ የእጅ መታጠቢያውን ጠርዝ ተደግፋ ትተነፍሳለች፤ አየሩ የሚበቃት አይመስልም። ከንፈሯ ገርጥቷል። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ደረጃ ስትወጣ መሐል ላይ የምትቆመው፣ ጎረቤት ለማነጋገር እያስመሰለች እንጂ አየር አጥሯት እንደነበር አሁን ገባት።

«እማዬ፣ ይሄ ሳል ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ብርድ ነው፣ ልጄ።»

«ብርድ አይደለም! ልጅሽ እዚያ ተጋድሞ የለም፣ የለም እያለ ይልክልሻል። መድኃኒቱን የጨመሩልሽ እኮ በዚህ ነው! ቻለችው ብለው!»

እናትየው ፊቷን በፎጣ ጠረገች። ቀስ ብላ፣ ድሮ ክፍል ውስጥ የሚረብሽ ተማሪን በምታይበት ዓይን አየቻት።

«እኔ ነኝ ያልኩት» አለች። «ደህና ናት በል ያልኩት እኔ ነኝ። እሱን ተይው።»

«ምን?»

«መጀመሪያ ያሳለኝ ጊዜ ጠየቀኝ። አዎ ብሎ ሲነካው አበባው አንገቱን ደፋ። ከዚያ የጥያቄ መዓት መጣ፤ ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል፣ ትኩሳት አለ ወይ። ፈራሁ። ይቺ ሴትዮ አልቻለችም ብለው ቢያስወጡኝስ? ሰርዘው፣ ደህና ናት በል አልኩት። ከጥናቱ ካወጡኝ ምን ቀረኝ? እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ቀረኝ?»

ክብሪት ወደ ሳሎን ዞራ ጮኸች፦ «ከዚያ በኋላስ? ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጠይቀሃታል?»

ጄኔራሉ ተነስቶ ቆሟል። ሄድፎኑ አንገቱ ላይ ነው። «አንዴ ነግራኛለቻ» አለ። «እንዳይጠወልግ ነው እንጂ... አንደኛ እኮ ናት፣ እትዬ። ከሁሉም በሽተኞች አንደኛ። አንድ አዎ ካልን ወደ ታች ነው የምንወርደው።»

«የምንወርደው?» አለች። «አንተ ደግሞ ታመሃል?»

መታጠቢያ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ተንኳኳ። እናትየው መቀመጥ ፈልጋ የልብስ ቅርጫቱን ይዛው ወድቃለች። የወደቀችበት ሆና እንኳ «ምንም አልሆንኩም» ትላለች፤ ቃሉን ለመጨረስ ግን ሁለት ጊዜ መተንፈስ አስፈለጋት። ታክሲ ተጠራ።

ማዕከሉ አዲስ ሕንፃ ነው። ወለሉ ያብረቀርቃል፤ ግድግዳው ላይ ፈገግ ያሉ በሽተኞች ፎቶ ተሰቅሏል። እናትየውን በተሽከርካሪ ወንበር ተቀብለው ወደ ውስጥ ወሰዷት። ጄኔራሉ ኮሪደሩ ላይ ቀረ። ክብሪትን የጥናቱ ኃላፊ የሆነችው ዶክተር ቢሮዋ አስገባቻት። ሸምገል ያለች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። አጠገቧ አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ ወጣት ተቀምጧል፤ አፑን የሠራው እሱ ነው።

ክብሪት ያየችውን ተናገረች። ሳትቀባባ፣ ሳትቆጥብ። ስትጨርስ ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ከመጀመሪያው ጀምሮ?» አለች።

«ከመጀመሪያው ጀምሮ።»

ወጣቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «መቼም በአፑ ምክንያት ሪፖርት ያለመላክ ችግር ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ድሮ በወረቀት በነበረ ጊዜ ግማሹ...»

«ይልኩልሃላ!» አለች ክብሪት። «ውሸት ይልኩልሃል! በየቀኑ ሳታስቀር ውሸት! እስቲ አንተ፣ አበባው አዎ ሲሉት አንገቱን የሚደፋው ለምንድን ነው?»

«እሱ... እሱ ለማጽናናት ነው። ከታማሚው ጋር አብሮ እንዲያዝን አስበን ነው።»

«ያዘነ መሰለህ? እኛ ቤት የተሸነፍን ነው የሚመስለው! ደረጃ ሰጥተሃቸው፣ አንደኛ ሁለተኛ ብለህ! በሽታ ነው ወይስ እግር ኳስ? እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ማርክ ስትሰጥ የኖረች ሴት ናት፤ ፈተና ነው ብላ ነው ያሰበችው። ወንድሜ ደግሞ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። ጌም እንደ ዳቦ የሚበላ ሰው እጅ ላይ ጌም ሰጠህ!»

ወጣቱ ጠረጴዛውን ያያል። ክሳቱ፣ ዕድሜው፣ የተጨማደደው ሸሚዙ ወንድሟን ያስታውሳል፤ ይህም አላበረዳትም። ወደ ዶክተሯ ዞረች።

«እርስዎስ? በየወሩ ያዩዋት የለ? ዓይን የለዎትም?»

ዶክተሯ የእናትየውን ፋይል ከፈተች። «እናትሽ እዚህ ሲመጡ ለብሰው፣ ተኳኩለው ነው የሚመጡት። ደህና ነኝ ይሉኛል። እጢው እያነሰ ነበር፤ ደስ ብሎን ነበር። ባለፈው የደረት ፎቶ ሳንባቸው ላይ ትንሽ ጭጋግ ነገር ታይቷል። ሪፖርታቸውን ከፍቼ አየሁ። ሳል የለም፣ የትንፋሽ ማጠር የለም ይላል። አለፍኩት።» ፋይሉን ዘጋችና «ማለፍ አልነበረብኝም» አለች።

ክብሪት ለመጮህ አፏን ከፍታ ነበር። ጥፋቱን እንዲህ ሜዳ ላይ አስቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ላይ እንዴት እንደሚጮህ አታውቅም።

ከምርመራው በኋላ ዶክተሯ ተመልሳ መጣች። ቆማ ነው የነገረቻት። መድኃኒቱ ሳንባዋን አስቆጥቶታል። ኦክስጅን ተደርጎላታል፣ ሌላ መድኃኒትም ተጀምሮላታል፤ ከዚህ ትወጣለች ብለው ተስፋ ያደርጋሉ። ያን ክኒን ግን ከእንግዲህ አትወስድም።

«እሺ፣ ሲሻላት?» አለች ክብሪት። «ሳንባዋ ሲድን?»

«አይሆንም። ጉዳቱ እዚህ ከደረሰ በኋላ እንደገና ብንሰጣቸው ይገድላቸዋል።»

«ታዲያ እናቴ የፈራችው ይኸው ደረሰ አይደል? ሳለች ተብላ ወጣች!»

«በሳል የወጣ ሰው የለም» አለች ዶክተሯ፤ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «በሳል ማንንም አናስወጣም! ሳሉ እንደጀመራቸው ብንሰማ መድኃኒቱን ሁለት ሳምንት አቁመን፣ መጠኑን ቀንሰን እንቀጥል ነበር። ሌሎችም እንደዚያ አድርገው ዛሬም እየወሰዱ ነው። ይህን የመጀመሪያው ቀን ቁጭ አድርጌ አስረድቻቸዋለሁ። ልጃቸውም አጠገባቸው ነበር። ገባህ ወይ አልኩት፣ ገባኝ አለኝ።»

ክብሪት ግድግዳውን ያዘች። ያን ቀን አብራቸው ባትኖርም በዓይነ ሕሊናዋ አየችው። እናቷ በፍርሃት ግማሹን ሳትሰማ፣ ግማሹን እሱ ይሰማልኛል ብላ ተቀምጣ ነበር። እሱ ደግሞ ሄድፎኑን በካፖርቱ አንገትጌ ከልሎ፣ ጭኑ ላይ ጦርነት ከፍቶ ነበር። «ገባኝ።» እንዲያው በጠቅላላው ሲናገር የኖረው ቃል ነው፤ ገባኝ፣ እሺ፣ አንዴ ቆይ።

«ሌላም አለ» አለች ዶክተሯ። «በሚቀጥለው ሳምንት ሌሎች ሴቶች በዚህ በከፍተኛው መጠን ሊጀምሩ ነበር። እናትሽ በደንብ ስለቻሉት። አስቁሜዋለሁ። ግን ጉዳቱ በየትኛው መጠን ላይ እንደጀመረ ማወቅ አለብኝ። አሁን መጠኑን ካላወቅሁ፣ እነዚያን ሴቶች የት ላይ እንደማቆማቸው አላውቅም። ሳሉ መቼ ጀመረ፣ ማስመለሱ መቼ ባሰ፣ አብሯቸው የሚውል ሰው ይንገረኝ።»

አብሯት የሚውል ሰው አንድ ነው።

መጀመሪያ እናቷን ለማየት ገባች። እናትየው የኦክስጅኑን ጭንብል ከፍ አድርጋ፣ እጇን ይዛ ወደ ራሷ ጎተተቻት። ዶክተሯ ሁሉንም ነግራታለች።

«ሁለት ሳምንት ነበር አለችኝ» አለች እናትየው። «ሁለት ሳምንት ማረፍ ብቻ።»

«አውቃለሁ።»

«ለሱ እንዳትነግሪው።»

«እማዬ!»

«እንዳትነግሪው አልኩሽ! ይሰበርብኛል። ትንሽ ታማለች፣ ይሻላታል በይው። እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ፤ እሱ የታዘዘውን ነው ያደረገ። ልጄ ነው።»

«እኔስ የማን ልጅ ነኝ?» አለች ክብሪት። ማለት ያልፈለገችው ነገር ከአፏ ወጣ። «እኔ ደህና ናት ተብዬ በየቀኑ መስታወት ስቆርጥ የዋልኩት የማን ልጅ ሆኜ ነው?»

እናትየው ጭንብሉን መልሳ አፏ ላይ አደረገችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ክብሪት ግንባሯን ሳመቻት፣ ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻዋ አልብሳት ወጣች። የተቆጣችበትን ሰው መሳም እንዴት ያለ መራራ ነገር እንደሆነ ያን ቀን አወቀች።

ጄኔራሉ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ በራሱ ስልክ ይጫወታል። እዚያው! እናቱ ከግድግዳው ወዲያ አየር በቱቦ እየጠባች! ሄድፎኑን ከራሱ ላይ ነጥቃ ወረወረችው፤ ኮሪደሩ ላይ ተንሸራቶ ሄደ። አንዲት ነርስ ዞር ብላ አይታ አለፈች።

«እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው» አለ። እጁን አሳያት፤ እውነቱን ነው፣ ይንቀጠቀጣል። «ስጫወት ይቆምልኛል። እንዴት ናት? ምን አሉ?»

«ደህና ናት በይው ብላኛለች» አለች። «እኔ ግን እዚያ ጨዋታ ውስጥ አልገባም።»

ነገረችው። ክኒኑ እጢውን ያሳንስ እንደነበር፣ ከእንግዲህ እንደማትወስደው፣ ሁለት ሳምንት ዕረፍት ብቻ ይበቃ እንደነበር፣ ይህም አጠገቡ ተነግሮ «ገባኝ» ብሎ እንደነበር። ፊቱ ቀስ በቀስ ሲለወጥ አየች። አልቆመችም። እናቷ «ይሰበርብኛል» ያለችው ትዝ አላት፤ ይሰበር፣ አለች በሆዷ። በዚህ ቤት እስካሁን ያልተሰበረው እሱ ብቻ ነው።

«ሁለት ሳምንት ብቻ?» አለ።

«ሁለት ሳምንት ብቻ። አሁን ተነስ። ሳሉ መቼ እንደጀመራት ለዶክተሯ ትነግራታለህ። ሌሎች ሴቶች አሉ።»

«እኔ አላስታውስም፣ እትዬ። እውነት...»

«የትኛው ግንብ ጀርባ ማን እንደተደበቀብህ፣ ካቻምና የተሸነፍከውን ሽንፈት ሳይቀር ስትተርክ ትውላለህ። ታስታውሳለህ!»

ክንዱን ይዛ ቢሮው ውስጥ አስገባችው። ዶክተሯ ወረቀት አወጣች፤ መድኃኒቱ የተጨመረባቸውን ቀኖች ከፊቷ አስቀመጠች። እሱ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ቀኖቹን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ክብሪት በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ሆና ጠበቀች፤ ምንም አያውቅም ብላ፣ ባለማወቁም ልትሰድበው ተዘጋጅታ።

«ሳሉ የጀመራት» አለ በመጨረሻ፣ «የጌም ቡድናችን ማጣሪያ የተጀመረ ዕለት ነው። ሦስተኛው ዙር ላይ ነበርኩ። ደረቅ ሳል ነው፣ አክታ የለውም። ጠዋት ጠዋት ይብስባት ነበር።»

ዶክተሯ ቀኑን ጠየቀችው። ነገራት። ከፊቷ ካለው ጋር አስተያይታ ጻፈች፤ ከመጀመሪያው ጭማሪ በኋላ ነው።

«ማስመለሱ ምሽጉን የያዝን ሳምንት ነው። በመጀመሪያ ምሳ ብቻ ነበር የሚወጣላት። በኋላ ሁሉንም። እኔ እንዳልሰማ ቧንቧ ትከፍት ነበር፤ ግን ይሰማል። ትንፋሿ ማጠር የጀመረው ደግሞ የጌሙ አዲስ ካርታ ሲወጣ ነው። ከአልጋዋ እስከ በሩ ለመምጣት መሐል ላይ ትቆማለች። መጀመሪያ አንዴ ነበር የምትቆመው። በኋላ ሁለቴ።»

እያንዳንዱን ያስታውሳል። አንድም አላመለጠውም። ክብሪት ይህን ሁሉ ጊዜ አይሰማም፣ አያይም፣ ራሱን ስቷል ብላ ነበር የተቆጣችው። ለካ ሁሉንም ሰምቷል።

«አንድ ቀን ጠራችኝ» አለ። ድምፁ ቀጭን ሆኗል። «ውሃ ፈልጋ። አንዴ ቆይ አልኳት። እንደገና ጠራችኝ። ከዚያ መጥራቷን ተወችው። ግድግዳውን እየተደገፈች ወደ ኩሽና ስትሄድ ይሰማኝ ነበር። ብርጭቆ ወደቀ። ከዚያ ዝም አለ፣ ምንም አይሰማም። ተነስቼ ላያት ብዬ ነበር።» አቆመ።

«ከዚያስ?» አለች ዶክተሯ።

«ድምፁን ጨመርኩት። የጌሙን።»

የዶክተሯ ብዕር ቆመ። ክብሪት ሳታስበው ተነስታ ነበር፤ ቀኝ እጇ ከፍ ብሏል። እሱም አይቷታል፣ ፊቱን ግን አልሸሸገም። እጇ አየር ላይ ጥቂት ቆየ። ከዚያ የወንበሩን መደገፊያ ያዘች፣ ጣቶቿ እስኪነጡ ጨብጣ ያዘችው፣ ተመልሳም ተቀመጠች።

«ቀጥል» አለችው። «ለዶክተሯ ቀኑን ንገራት።»